ፍርደ ገምድሉ ተመራማሪ

ስታትስቲክስ ተምሬያለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን ጥፋቴን ለማክበድ ነው። ሳላውቅ አጠፋሁ ብዬ እንዳላመካኝ፣ ከነጋዎኔ የተነሳሁት ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በየቀኑ ይታዘበኛል።

የሙከራ ጥያቄ ለፈተና ሲመጣ እንደኔ የሚደሰት ተማሪ አልነበረም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ተመራማሪ 60 ችግኞች ወስዶ ለ30ዎቹ ማዳበሪያ ሰጠ፣ ለ30ዎቹ አልሰጠም፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቁመታቸውን ለካ። ነፃው ተለዋዋጭ የቱ ነው? ጥገኛውስ? ሙከራው የተደረገው በምን ላይ ነው? ማነጻጸሪያ ቡድን አለው? ሰርጎ ገብ ተለዋዋጭ ቢኖር ምን ሊሆን ይችላል? ዓይኔን ጨፍኜ እመልሳለሁ። ሰውዬው የለወጠው ማዳበሪያውን ነው፤ የለካው ቁመቱን ነው፤ የተሞከረው በችግኞቹ ላይ ነው፤ ማነጻጸሪያዎቹ ማዳበሪያ ያላገኙት ናቸው። ሰርጎ ገብ ለሚለው ደግሞ "ፀሐይ፣ ውሃ፣ አፈር" ብዬ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ያኔ ልብ ያላልኩት አንድ ነገር ነበር። የፈተናው ተመራማሪ ችግኞቹን አይወድም፤ የትኛው ወገን ቢያሸንፍ ግድ የለውም። እኔ ግድ አለኝ። ጉዴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የቡና አተላ ለተክል ፍቱን ነው የሚል እምነት አለኝ። ከየት እንዳመጣሁት አላስታውስም። ባለቤቴ "አተላውን አታጠራቅምብኝ፣ ቤቱን ትንኝ በትንኝ አደረግኸው" ባለች ቁጥር እምነቴ እየጠነከረ ሄደ። በመጨረሻ በሳይንስ አፏን ላስይዛት ቆርጬ ተነሳሁ። ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች አጠራቅሜ አንገታቸውን ቆረጥኩ፣ ታቻቸውን በጋለ ብረት በሳሁ፣ አፈር ሞላሁና በእያንዳንዳቸው አንዳንድ የቃሪያ ችግኝ ተከልኩ። ለግማሾቹ አተላ፣ ለግማሾቹ ምንም። የፈተናውን ጥያቄ እንዳለ አምጥቼ ግቢዬ ውስጥ ተከልኩት ማለት ነው።

አተላ የሚያገኙትን ከበረንዳው ፊት ለፊት ደረደርኳቸው። ቡናው የሚፈላው በረንዳ ላይ ስለሆነ ለመድፋት ይቀርባል። ምንም የማያገኙትን ወደ ጓሮ ወሰድኳቸውና ከኩሽናው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር አስቀመጥኳቸው። በረንዳው ፊት ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ነው። ኩሽናው ጥግ ፀሐይ ብቅ የምትለው ለሰላምታ ያህል ነው። ይህን አላየሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል። አይቼ፣ "ምን ልዩነት ያመጣል" ብዬ አልፌዋለሁ።

ውሃውንስ? እኩል ነው ያጠጣሁት፤ ለሁለቱም በአንዱ ጣሳ። ብቻ የአተላዎቹ ዘንድ ስደርስ ጣሳው እስከ አፉ ይሞላል። ጓሮ ስደርስ ደግሞ ትንሽ ጎደል ይላል፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እጅም ይደክማል።

የመለኪያው ነገር ከሁሉ ይብሳል። የምለካው ልብስ ሰፊ በሚጠቀምበት ሜትር ነበር። የአተላዋን ቃሪያ ስለካ ጫፏን በሁለት ጣቴ ይዤ "አይዞሽ ቀና በይ" እላታለሁ፤ እውነትም ቀና ስትል ሁለት ጣት ትጨምራለች። የጓሮዋን ስለካ ግን እንደጎበጠች ነው። ተመራማሪ የሚመራመርበትን ነገር መነካካት የለበትም ብዬ። ሲደርቁም እንደዚያው። ከአተላዎቹ አንዷ ጠወለገችና ሞተች። ድመት ረግጣት ይሆናል ብዬ ከመዝገብ ሰረዝኳት። ድመት ስትረግጣት አላየሁም፤ በሰፈራችን ድመት መኖሩ ግን የታወቀ ነው። ከጓሮዎቹ አንዷ ስትሞት ደግሞ ቁመቷን ዜሮ ብዬ መዘገብኩ። ሳይንስ ርኅራኄ የለውማ!

ውጤቱ ምን ሊሆን ነው? አተላ በዝረራ አሸነፈ። የሁለቱን ወገን አማካይ አስልቼ፣ ልዩነቱን በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ፣ ለቡና የመጡት ሰዎች ፊት አነበብኩት። ባለቤቴ ዝም አለች። ዝምታዋን ሽንፈት ብዬ ልመዘግበው ስል፣ ጎረቤታችን እማማ ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ "ልጄ፣ የጓሮውንም ፀሐይ ላይ ብታወጣው እኮ ይበቅል ነበር" አሉ። እማማ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሰርጎ ገቡን ግን ከተቀመጡበት ሳይነሱ ያዙት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የእህቴ ልጅ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ የምታጠና ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ ግቢ ብዬ የገፋፋኋት፤ ዛሬ ይቆጨኛል። መዝገቤን ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የለወጡት?" አለችኝ።

"አተላውን።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

"ቦታውንስ?"

"ቦታው... እሱ እንኳ እግረ መንገድ ነው።"

"ውሃውንስ? የሞተችውን ለምን ሰረዟት?"

ድመቷን ጠቀስኩላት። ልጅቷ ጨዋ ስለሆነች አልሳቀችም። "ጋሼ፣ እዚህ መዝገብ ላይ አተላ የሚባል ተለዋዋጭ የለም" አለችኝ። "ያለው 'ጋሼ የሚወዷቸው' እና 'ጋሼ የማይወዷቸው' የሚባል ነው።"

ይህን ያህል ዓመት የኖርኩት ነፃው ተለዋዋጭ የቱ እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ለካስ እኔው ራሴ ነበርኩ።

የሚያጽናናኝ፣ በሽታው የቆየ መሆኑና መድኃኒቱም ከማሳ ላይ መገኘቱ ነው። ከለንደን በስተሰሜን ሮታምስቴድ የሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ አለ። ከእ.ኤ.አ. 1843 ጀምሮ ማዳበሪያ ሲሞከርበት የኖረ ቦታ ነው። በ1919 ሮናልድ ፊሸር የሚባል ወጣት የሒሳብ ሰው ተቀጠረና የዓመታት የእህል መዝገብ ተሰጠው። ማሳ መቼም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ወደ ታች እርጥብ ነው፣ ወደ ላይ ጭንጫ ነው፣ አንዱ ጥግ አምና በጎች ያደሩበት ነው። ማዳበሪያውን ደህናው ጥግ ላይ ካደረግኸው የጨመረው እህል የማዳበሪያው ይሁን የመሬቱ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱ ተጣብቀዋል። ስለዚህ ፊሸር ማሳውን በሚመሳሰሉ ክፍሎች መከፋፈል፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሁሉንም ዓይነት ማዳበሪያ መሞከር፣ የትኛው ቁራጭ የትኛውን ያገኛል የሚለውን ደግሞ በዕጣ መወሰን አለብን አለ። ገበሬው ብልህ ቢሆን፣ ሐቀኛ ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን እንኳ አይመርጥም። ዕጣ ይመርጣል።

ወደኔ ጀሪካኖች ስናመጣው፣ በረንዳው ፊት ግማሹ አተላ ግማሹ ባዶ፣ ጓሮም እንዲሁ። የትኛዋ ችግኝ ምን እንደምታገኝ ሳንቲም ይወስናል፤ የሚለካው ደግሞ የትኛዋ አተላ እንደበላች የማያውቅ ሰው ነው። በቃ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ወጪውም አንድ ብር ነው፣ እሱም ተመልሶ ኪስ ይገባል። ታዲያ ለምን አላደረግሁትም?

ዕጣ አልወድም። እቁብ ላይ ዕጣ ሲወጣ ዓይኔ የሚያየው ወረቀቱን አይደለም፤ ሰዎቹን ነው። ልጇን የምትድር ሴት እዚያው ተቀምጣ ዕጣው ሦስት ሱቅ ላለው ሰውዬ ሲወጣ ውስጤ እርር ይላል። ዳኛውን "ተራው ለእሷ ይለቀቅላት" ብዬ የምወተውተው እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜም ይሳካልኛል፤ ባለዕጣው ይለቃል፣ ሴትዮዋ ትመርቃለች፣ ጸሐፊው ስም ይለውጣል፣ እኔም የደግ ሰው ስም ይዤ ቤቴ እገባለሁ። በእቁብ ይህ ደግነት ነው። ሙከራ ላይ ግን ያው ደግነት፣ ያው ልመና፣ ያው የስም ለውጥ መዝገቡን እንዳለ ገደል ይከተዋል። እኔ የእቁቡን ጠባይ ይዤ ነው ሳይንስ ውስጥ የገባሁት።

ደግነት ሙከራ እንደሚያበላሽ ለማየት ስኮትላንድ፣ ላናርክሻየር መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 እዚያ ወተት የትምህርት ቤት ልጆችን ምን ያህል እንደሚያሳድግ ለማወቅ ታላቅ ሙከራ ተደረገ። 67 ትምህርት ቤቶች፣ 20 ሺህ ልጆች። 5 ሺሁ ጥሬ ወተት፣ 5 ሺሁ ፓስቸራይዝድ የተደረገ ወተት በየትምህርት ቀኑ ይጠጣሉ፤ 10 ሺሁ ማነጻጸሪያ ሆነው ምንም አይሰጣቸውም። ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን እየተመዘኑና እየተለኩ ቆዩ። እኔ ብሆን እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ ቆሜ አጨበጭባለሁ፤ 20 ሺህ ልጅ ይዞ ማን ይሳሳታል?

ልጆቹ የተመደቡት አንዳንዱ ቦታ በዕጣ፣ አንዳንዱ ቦታ በፊደል ተራ ነበር። እስከዚህ ድረስ ደህና። ቀጥሎ ግን ለመምህራኑ አንዲት ፈቃድ ተሰጠቻቸው። በአንዱ ቡድን የጠገቡ ልጆች ወይም የተጎሳቆሉ ልጆች በዝተው ከታዩ፣ ሚዛኑን ለማስተካከል ልጅ በልጅ መለወጥ ይችላሉ። እስቲ ያንን መምህር በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ወተቱ በጋን መጥቷል። አንገቱ የቀጠነ፣ ቀሚስ የመሰለ የወንድሙን ኮት የለበሰ ልጅ "ምንም የማይሰጣቸው" ከሚለው ሰልፍ ላይ ቆሟል። ባለሥጋው የነጋዴ ልጅ ወተት ሊጠጣ ነው። መምህሩ ምን ያደርጋል? እኔ የማደርገውን ነው ያደረገው። ሙከራው ገና ሲጀመር ምንም የማይሰጣቸው ልጆች ከወተት ጠጪዎቹ በክብደትም በቁመትም በልጠው ተገኙ። ከተራቡት ብዙዎቹ በመምህራኑ ርኅራኄ ወደ ወተቱ ሰልፍ ሳይሻገሩ አልቀሩም።

ይህን ያጋለጠው ዊልያም ጎሴት ነው፤ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባልደረባ፣ አሠሪዎቹ በስሙ እንዲያሳትም ስለማይፈቅዱለት "ስቱደንት" እያለ የሚጽፍ ሰው። የቲ ፈተና የምንለውን ለዓለም የሰጠው እሱ ነው። በ1931 ባሳተመው ትችት ላይ አንድ የማልረሳት ነገር አለች። ልጆቹ የሚመዘኑት ከነልብሳቸው ነበር። መጀመሪያ የተመዘኑት በክረምት ብርድ፣ መጨረሻ የተመዘኑት በበጋ ነው። የሀብታም ልጅ በክረምት የደረበውን ወፍራም ኮት በጁን አውልቆ ስለሚመጣ ክብደቱ የቀነሰ ይመስላል። የድሃ ልጅ የሚያወልቀው ኮት የለውም። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ የወጣው ወተት ብቻ አልነበረም፤ ኮትም ነበር። ያን ጊዜ የኔ ጣት የቃሪያዋን ጫፍ ይዞ ቀና ሲያደርግ ታየኝ። ጎሴት ደግሞ 20 ሺህ ልጅ ከሚለፋ 50 ጥንድ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ተወስደው ለአንዱ ወተት ቢሰጥ፣ የትኛው ያግኝ የሚለውን ሳንቲም ቢወስን፣ በጥቂት ወጪ የበለጠ የታመነ ውጤት ይገኝ ነበር ብሏል። የቁጥር ብዛት አድልዎን አያጥበውም፤ እውነት ያስመስለዋል እንጂ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች እንደኔ ዓይነቱን ሰው በሚገባ አውቀውታል። ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የሚባል ሰው በእንግሊዝ አገር ስትሬፕቶማይሲን ለሳንባ ነቀርሳ ሲሞከር፣ ውጤቱ በ1948 የወጣውን ማለቴ ነው፣ ማን መድኃኒቱን እንደሚያገኝ የሚናገረውን ወረቀት በታሸገ ፖስታ ውስጥ አስቀመጠው። ሐኪሙ በሽተኛውን ወደ ሙከራው እስኪያስገባ ድረስ ፖስታው አይከፈትም። ፖስታው የታሸገው ከክፉ ሰው አይደለም። ከደግ ሐኪም ነው፤ "ይቺ እናት ናት፣ ይቺ ታግኝ" ከሚለው። መድኃኒቱ በዚያ ጊዜ እንደልብ ስለማይገኝ፣ ለሁሉም ሊዳረስ አይችልምና ዕጣው ከምርጫ ይልቅ ፍትሐዊ ሆኖ ተገኘ። እኔ እዚያ ብኖር ፖስታውን በእንፋሎት እከፍተው ነበር።

የሙከራ ውጤት ማንበብ ላይም ከዚህ አልሻልም። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የሳልክ የፖሊዮ ክትባት በብዙ መቶ ሺህ ልጆች ላይ ሲሞከር፣ ሙከራው በሁለት መልክ ነበር የተካሄደው። በአንዱ መልክ ወላጆቻቸው ከፈቀዱላቸው ልጆች መካከል ግማሹ ክትባቱን፣ ግማሹ የጨው ውሃ መርፌ በዕጣ ወሰዱ፤ መርፌውን የወጋውም የተወጋውም የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ፖሊዮ የያዛቸው ሲቆጠሩ፣ ከተከተቡት በየ100 ሺሁ 28፣ የጨው ውሃ ከተወጉት በየ100 ሺሁ 71 ሆኑ። እሰየው፣ ክትባቱ ይሠራል። ወላጆቻቸው እምቢ ብለው ምንም ያልተወጉት ልጆችስ? በየ100 ሺሁ 46።

ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ምንም ካልተወጉት ይልቅ የጨው ውሃ የተወጉት በፖሊዮ በብዛት ተያዙ! እኔ የኮሚቴው ሰብሳቢ ብሆን ኖሮ በማግስቱ "ጨው ፖሊዮ ያመጣል" የሚል መግለጫ አወጣ ነበር፤ የጨው ነጋዴ ሁሉ ያልቅ ነበር። ሰርጎ ገቡ ያለው ግን ፈቃዱ ውስጥ ነው። እሺ ብለው የፈረሙት ወላጆች በአብዛኛው የተሻለ ኑሮ ያላቸው ነበሩ። በድሃ ሰፈር ቫይረሱ ስለሚዘዋወር ልጁ ገና ጨቅላ ሳለ፣ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ በሰውነቱ ውስጥ እያለ በቀላሉ ተይዞ ያልፍለታል፤ ከዚያ በኋላ አይነካውም። ንጹሕ ቤት ያደገው ልጅ ግን ሳይለምደው አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ፈቃደኛውና እምቢተኛው ልጅ ከመርፌው በፊትም አንድ አልነበሩም። እኔ እነሱን ማወዳደሬ በረንዳውን ከጓሮው ማወዳደሬ ነው።

በሁለተኛው መልክ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። እዚያ ዕጣ አልነበረም። ከሁለተኛ ክፍል ወላጆቻቸው የፈቀዱላቸው ይከተባሉ፤ አንደኛና ሦስተኛ ክፍል፣ የፈቀደውም ያልፈቀደውም ተቀላቅሎ፣ ማነጻጸሪያ ይሆናል። የተከተቡት በየ100 ሺሁ 25፣ ማነጻጸሪያዎቹ 54። ክትባቱ በዕጣው ሙከራ ላይ ካሳየው ጉልበት ያነሰ አሳየ፤ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡት ልጆች በአንድ ወገን ተሰብስበው ነበርና። ያንን ንድፍ ያወጡት ሰዎች ለልጆች አሳቢዎች ነበሩ፤ አምኖ የመጣን ልጅ የጨው ውሃ መውጋት የከበዳቸው። ወንድሞቼ ናቸው።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ሰው ይሆናል ብላችሁ ከጠበቃችሁኝ፣ የቡናው ነገር ይቀራችኋል።

በከሰል የፈላ ቡናና በኤሌክትሪክ ምድጃ የፈላ ቡና ቀምሼ እለያለሁ እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። የእንግዳ ቤት ሄጄ እንኳ አንድ ፉት ብዬ "ይሄ የኤሌክትሪክ ነው" እላለሁ፤ ባለቤቴ በክርኗ ትጎስመኛለች። በዚህ እምነት የተነሳ ቤታችን ከሰል ጠፍቶ አያውቅም። የሚያራግበው ግን እኔ አይደለሁም።

ባለቤቴ "እስቲ አሳየን" ስትለኝ ሙከራውን እኔው ነደፍኩት። አቦሉ በከሰል ይፈላል፤ ከዚያ ጀበናው ላይ ውሃ ተጨምሮ ቶናው በኤሌክትሪክ። ዓይኔን በነጠላ አስሬ ቀመስኩ። አንድም ሳልስት ለየሁ። እያጨበጨብኩ ነጠላውን ስፈታ የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ቆማለች።

"ጋሼ፣ እርስዎ የለዩት እኮ አቦልን ከቶና ነው" አለች። "ያንንስ ማን ያቅተዋል?"

ቀጥላ የፊሸርን ታሪክ ነገረችኝ። እኔም አውቀዋለሁ፤ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። ሮታምስቴድ ውስጥ ሙሪየል ብሪስቶል የምትባል የአልጌ ተመራማሪ ነበረች። ሲኒው ውስጥ መጀመሪያ ወተት ይግባ ሻይ፣ ቀምሼ አውቃለሁ አለች። ፊሸር በ1935 ባሳተመው የሙከራ ንድፍ መጽሐፉ ውስጥ ይህንኑ አነሳው፤ የሴትየዋን ስም ሳይጠቅስ፣ ውጤቱንም ሳይነግረን። 8 ሲኒ ይቀርባል፤ በ4ቱ ወተቱ ቀድሟል፣ በ4ቱ ሻዩ። የሚቀርቡበት ተራ በዕጣ ነው። ቀማሿ አራቱን ለይታ ታወጣለች። ከ8 ሲኒ 4 መምረጫው መንገድ 70 ነው፤ ሁሉንም በትክክል የሚያገኘው ከ70ው አንዱ ብቻ። እንዲሁ በግምት የሚመታ ሰው በጣም ዕድለኛ መሆን አለበት። ሦስቱን ማግኘት ግን አያስደንቅም፤ በግምት ብቻ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የሚገኝበት ዕድል ከ70 17 ነው፤ ሩብ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህን ስትነግረኝ ትንሽ ደነገጥኩ። ሦስት ባገኝ ለመፎከር አስቤ ነበር።

አዲሱ ሙከራ የእሷ ነው። ሁለት እኩያ ጀበናዎች፣ ከአንድ ሙቀጫ የወጣ ቡና፣ በሲኒ የተለካ ውሃ። አንዱ ከሰል ላይ፣ አንዱ ምድጃ ላይ፣ እኩል ይወርዳሉ፣ እኩል ይሰክናሉ። ስኳር የለም። ዕጣን አይጨስም። ስምንቱም ሲኒ ባለአንድ አበባ ናቸው፤ ታቻቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፏል። ቁራጭ ወረቀቶች ቆብ ውስጥ ገብተው ተራው በዕጣ ወጣ። እኔ መኝታ ቤት ተዘግቶብኛል። ልጅቷ ኩሽና ቀድታ ትወጣለች፤ ረከቦቱን የምታመጣልኝ ባለቤቴ ናት፤ እሷም የትኛው የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ፊቷን አንብቤ እንዳልለይ ነው። ያን ያህል ዓመት አብሬያት ኖሬ ፊቷን ማንበብ ከቻልኩ ሌላ ሙከራ ያስፈልገዋል።

ቀመስኩ። በየመሃሉ ቆሎ እየቆረጠምኩ አፌን አበስኩ። አፍንጫዬን አስጠጋሁ፣ ጉሮሮዬ ላይ አንከባለልኩ፣ ጭሱን ፈለግሁ። አራት ሲኒ ወደ ቀኝ ገፋሁና "እነዚህ የከሰል ናቸው" አልኩ፤ ቃሌ ምንም አልተንቀጠቀጠም።

ልጅቷ ሲኒዎቹን እየገለበጠች ከወረቀቷ ጋር አመሳከረች። ደጋግማ አየች። "ጋሼ፣ አንድም አላገኙም።"

ባለቤቴ ሳቋ እስከ እማማ ቤት ተሰማ። ልጅቷ ግን ተክዛ ቀረች። "ሁሉንም መሳት ራሱ ከ70 አንዴ ነው የሚሆነው" አለች። "በሁለቱም በኩል ያለውን ስንቆጥር ከ70 ሁለቴ። እንዲህ ያለ በግምት በቀላሉ አይመጣም። ምላስዎ ምናልባት ይለያል፣ ጋሼ። የገለበጡት ስሙን ነው። የከሰል እያሉ ሲያደንቁ የኖሩት የኤሌክትሪኩን ነው ማለት ነው።"

ምክንያቶቼን ደረደርኩ። የከሰሉ ጀበና አዲስ ነው፣ ገና አልተሟሸም። ቆሎው ጨው በዝቶበታል። መኝታ ቤት መዘጋት ምላስ ያደነዝዛል። ይደገም አልኩ።

"እስኪያሸንፉ ነው የሚደገመው?" አለች። "ስንት ጊዜ እንደሚደገምና ምን ሲሆን ተሸነፍኩ እንደሚሉ አስቀድመው ይጻፉና ይፈርሙ።"

በሳምንቱ ከሰል ሻጩ በራችንን ሲያንኳኳ ባለቤቴ "ከእንግዲህ አንፈልግም" ብላ መለሰችው። እኔ በዚያ ሰዓት መኝታ ቤት ቁጭ ብዬ ለድጋሚው ሙከራ ቅድመ ሁኔታዎችን እየጻፍኩ ነበር። የመጀመሪያው፣ ሲኒዎቹን የምደረድረው እኔ እንድሆን የሚል ነው።